«ሠራተኛ አገኘሽ?»

በአሥራ አንድ ዓመት የትዳር ዘመናችን ባለቤቴን «ሠራተኛ አገኘህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። እኔ ግን ይህን ጥያቄ ሳልሰማ ያለፈ ወር አላስታውስም። ቢሮ ሻይ ስንጠጣ እጠየቃለሁ፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ እጠየቃለሁ፤ ልጆች ከሰርቪስ እስኪወርዱ ቆመን ስንጠብቅ እጠየቃለሁ። ጥያቄው የክፋት አይደለም። ጠያቂዋ ብዙ ጊዜ እንደኔው የተቸገረች ናት፤ የደላላ ስልክ ትሰጠኛለች፣ ከእህቷ ቤት በሁለተኛው ሳምንት ጥላ ስለወጣችው ልጅ ታጫውተኛለች። መጨረሻ ላይ ሁላችንም እንስማማለን፦ ሠራተኛ ጠፋ፤ የተገኘችውም አትበረክትም፤ የድሮዎቹ ቀሩ። አንድ ደህና ልጅ ብናገኝ ቤታችን ሰላም ይሆናል፣ የቢሮ ሥራችን አይበደልም፣ ከባሎቻችንም ጋር አንጨቃጨቅም።

እኔም በዚህ ስምምነት ውስጥ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ዛሬ አላምንበትም። ከአዲስ አበባ ቤቶች የጠፋው፣ ወይም ከመጀመሪያውም ያልነበረው፣ በባልና በሚስት መካከል ስለ ሰዓት የሚደረግ ንግግር ነው። ማን ስንት ሰዓት ይሠራል? ማን መቼ ያርፋል? ልጁ ሌሊት ሲያተኩሰው የማን እንቅልፍ ይቋረጣል? ይህን ጥያቄ እኛ የተማርነው ሰዎች ከገጠር በመጣች ልጅ ሸፍነን ቆየን። እሷ ስትወጣ ቤቱ የሚተራመሰው ሸፍናው የነበረችው ነገር ስለሚገለጥ ነው።

ሴት ተምራ ሥራ ከያዘች ቤት ውስጥም እኩል ትሆናለች ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። እናቴ ይህን አምና አስተማረችኝ። ተማርኩ፤ ተቀጠርኩ፤ ደመወዜም ከባለቤቴ ብዙ አይርቅም። እኔ ጠዋት ቢሮ ስገባ ማጀቴን የተረከበው ግን ባለቤቴ አልነበረም። የሱ ቀን የአባቱን ቀን ይመስል ነበር፤ ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይገባል፣ እራት ይቀርብለታል። ማጀቱን የተረከበችው ከጎጃም የመጣች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። የኔ መማር የቤቱን ሥራ አላከፋፈለውም። ከአንዲት ሴት ትከሻ አውርዶ አቅሟ ከሷ ባነሰ ሌላ ሴት ትከሻ ላይ ጫነው። እኩልነት ያልነው ይህን ነው።

የልጅቷን ቀን አብራን ሳለች ቆጥሬው አላውቅም። የቆጠርኩት ሄዳ ሥራው እኔ ላይ ሲወድቅ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሳለች፤ የልጆቹን ምሳ ዕቃ ትሞላለች፣ ቁርስ ታዘጋጃለች፣ ትቀሰቅሳቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች፣ ታለብሳቸዋለች፣ ሰርቪሱ ጋ ታደርሳቸዋለች። ከዚያ ዕቃው፣ ልብሱ፣ ወለሉ፣ ገበያው ይጠብቃታል። በርበሬ የተገዛ ሳምንት መቀንጠሱና ማስጣቱ ይጨመራል። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቹን ትቀበላለች፤ ታበላቸዋለች፤ እኛ እስክንገባ ከአጠገባቸው አትለይም። እራት ታቀርባለች፣ ታነሳለች፣ ዕቃ ታጥባለች። ማታ 4 ሰዓት ይሆናል። ይህ ውሃና መብራት ያልጠፋበት ቀን ነው። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ የሚመጣውም ሌሊት ነው። ቧንቧው ማጉረምረም ሲጀምር ነቅቶ ጀሪካኑንና በርሜሉን የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል። መብራት ቀን ሲጠፋ ደግሞ እንጀራው የሚጋገረው ሌሊት ነው፤ አብሲት የተጣለበት ሊጥ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም፣ ይኮመጥጣል።

የምትተኛው ሳሎን ነበር። ኮንዶሚኒየም ለሷ ክፍል የለውም። ማክሰኞና ረቡዕ የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ ሲኖር ባለቤቴ አይቶ ጨርሶ እስኪነሳ ፍራሿን ማንጠፍ አትችልም፤ ጨዋታው የሚያልቀው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ፣ አንዳንዴም አልፎ ነው። እስከዚያ ማጀት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ያኔ ግን አልታየኝም ነበር። ጠዋት ስታንጎላጅ ሰነፍ ብዬ ተናግሬአታለሁ።

ስደምረው በቀን 17 ሰዓት ይመጣል። እሁድ ግማሽ ቀን ወጥታ ትመለስ ስለነበር ያንን ብቀንስ እንኳ ሳምንቱ ከ100 ሰዓት በላይ ነው። ቀን ቤቱ ጭር ሲል ታርፋለች የሚል አለ፤ ትረፍ። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብላለች ብንል እንኳ ሳምንቱ ከ90 ሰዓት አይወርድም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መደበኛ የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል።

አዋጁ ግን እሷን አይጨምርም። በ1996 የወጣው አዋጅ ቁጥር 377 የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ አስወጥቶ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣለታል አለ። በ2011 ያ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1156 ሲተካ ተስፋው እንደገና ተጻፈ። በሁለቱ መካከል 15 ዓመት አለ። በመጀመሪያው ተስፋ ጊዜ ሠራተኞቹ በጀርባቸው ያዘሏቸው ሕፃናት በሁለተኛው ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ የሠራተኞቹ የሥራ ሰዓት ግን ገና አልተጻፈም ነበር።

ወደኋላ ብንሄድ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር። ስለ ቤት ሥራም ተናግሯል፤ ባል ለሚስቱ አገልጋይ ሊያቀርብላት ካልቻለ የቤቱን ሥራ ራሷ የመሥራት ግዴታ አለባት ይላል። ይህ አንቀጽ ላይ ብዙ ቆየሁ። ሕግ አውጪው ለቤት ሥራ የታየው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ አገልጋይ፣ አገልጋይ ከሌለች ሚስት። እዚያው ቤት የሚበላውና የሚተኛው ሦስተኛው ሰው በሐሳቡም አልመጣለትም። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ባልና ሚስትን በትዳር አስተዳደር እኩል አደረገ። ኑሯችን ግን ዛሬም በተሻረው አንቀጽ ነው የሚሄደው። «ሠራተኛ አገኘሽ?» የሚለው ጥያቄ ሲፈታ፣ አገልጋይ ቀርቦልሻል ወይስ ራስሽ ነሽ ማለት ነው። ለዚህ ነው ባለቤቴን የማይጠይቁት።

ሠራተኞቹ የት ሄዱ? «ጠፉ» የምንላቸው መሬት አልዋጠቻቸውም። በ2008 የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ብዙ ወጣት ሴቶች ወደ ልብስ ስፌቱ ጎረፉ። ደመወዙ ትንሽ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ለቤት ኪራይና ለምግብ እንኳ አይበቃም ብለው የተዉት ብዙዎች ናቸው። ሆኖም ፈረቃ አለው። ደወል ተደውሎ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ካለቀ በኋላ ያለው ጊዜ የሷ ነው። ሌሎች ማታ መማር ጀመሩ፤ ሌሎች ጀበና ይዘው መንገድ ዳር ቡና ማፍላት መረጡ። ብዙዎች ዓረብ አገር ሄዱ። በ2006 ሳውዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር በቦሌ በኩል ፌስታል አንጠልጥለው ሲገቡ አይተን አልቅሰናል። መንግሥት ለቤት ሠራተኛነት ወደ ውጭ መሄድን አግዶ በ2010 እገዳውን ሲያነሳ እንደገና ሄዱ። ያ ሁሉ ግፍ እየተነገራቸው የሚሄዱት የሰዓታቸው ዋጋ እዚያ የተሻለ ስለሚከፈል ነው። እኛ ይህን ብልግና እንለዋለን፤ «ዓይናቸው ተገለጠ» እንላለን። አንድ ሰው የራሱን ጊዜ ዋጋ ማወቁ ለምን እንደሚያስወቅስ ያስረዳኝ የለም።

በ2012፣ በኮሮና ወራት፣ ቤይሩት ውስጥ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው የአገራችን ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ፍራሽ አንጥፈው አስፋልት ላይ ተኝተው ያየናቸው ጊዜ ሁላችንም ነደድን። ፓስፖርት ይቀማሉ፣ በር ይቆልፋሉ፣ ደመወዝ ይይዛሉ ብለን ረገምን፤ እውነት ነበር። ግን እዚሁ ከተማ፣ በየሕንፃው፣ ጠዋት እትዬ ስትወጣ በር የሚቆለፍባት ልጅ አለች። ስልክ የምትከለከል አለች። ደመወዟ «እንዳታባክነው» ተብሎ እትዬ ጋ የሚቀመጥባት አለች። እኔም «ላስቀምጥልሽ» ብዬ አስቀምጬላታለሁ፤ ወንድሟ ታሞ ገንዘቧን ስትጠይቀኝ የሌላ ሰው ብር እንደምትለምን ሰው ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩን በደግነት ልንፈታው የምንፈልግ ብዙ ነን። ሠራተኞቻችንን እንደ ልጅ እንያዝ፣ ጥሩ እንክፈል፣ ማታ ትምህርት እናስገባ እንላለን። ይገባል፤ ማድረግ አለብን። ነገር ግን ይህ ብቻውን ባልየውን ከሶፋው አያስነሳውም። ሥራው አሁንም የሴት እንደሆነ ይቀጥላል፤ የምትሠራዋ ሴት ብቻ ትንሽ ይመቻታል። ጥያቄዬ ከዚያ ይርቃል። ሁለት ጤነኛ ጎልማሶች ባሉበት ቤት፣ የሁለቱን ምግብና የሁለቱን ልጆች ጉዳይ ለምን ሦስተኛ ሰው ብቻዋን ትሸከማለች?

የመጀመሪያው መልስ ድካም ነው። «ወንዱ እኮ ደክሞት ነው የሚገባው።» እኔና ባለቤቴ የተለያየ መሥሪያ ቤት ብንሠራም ማታ ሜክሲኮ እንገናኛለን፤ አንድ ሰልፍ ላይ ቆመን፣ አንድ ታክሲ ተሳፍረን ጀሞ እንወርዳለን። አራተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃውን እኩል እንወጣለን። በሩ ሲከፈት ግን ድካሙ የሱ ብቻ ይሆናል። እሱ ጫማውን አውልቆ ይቀመጣል፤ እኔ ጫማዬን እንዳደረግሁ ማጀት እገባለሁ። ሁለት ሰው አንድ መንገድ መጥቶ አንዱ ብቻ የሚያርፍበትን ልማድ ድካም አያስረዳውም።

ሁለተኛው መልስ «አግዛታለሁ» ነው። ባለቤቴም ይህን ይል ነበር፤ በቅንነት ነበር የሚለው። ቃሉን ግን ልብ በሉት። የሚያግዝ ሰው የሌላ ሰው ሥራ ነው የሚያግዘው። ሲመቸው ያግዛል፣ ሳይመቸው ይተዋል፣ ላገዘበት ይመሰገናል። እኔን ሽንኩርት ስለላጥኩ አመስግኖኝ የሚያውቅ የለም። ደግሞም እገዛ ትእዛዝ ይፈልጋል፤ «ምን ላድርግ?» ይላል። ጋዝ ሊያልቅ መሆኑን ማወቅ፣ የሕፃኑን የ45 ቀን ክትባት ማስታወስ፣ የትምህርት ቤት ወርኃዊ ክፍያ የሚዘጋበትን ቀን መያዝ፣ ለአማቹ ልጅ ክርስትና ምን ይዘን እንደምንሄድ ማሰብ፣ ይህ ሁሉ ከእጅ በፊት በጭንቅላት የሚሠራ ሥራ ነው፤ ቢሮ ተቀምጬም እሠራዋለሁ፤ ተኝቼም እሠራዋለሁ። እገዛ ወደዚህኛው ሥራ ደርሶ አያውቅም።

ሦስተኛው ባህል ነው፤ ሴት ለማጀት፣ ወንድ ለችሎት። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይኸኛው ነው፤ ባህላችንን በቅጡ ካለማወቅ የመጣ ነውና። ሴት በማትወጣበት በደብረ ዳሞ ገዳም ውሃውን ማን ይቀዳል? ቤቱን ማን ይጠርጋል? በየገዳማቱ ረድእ እንጨት ይለቅማል፣ እሳት ያነዳል፣ ያበስላል፣ ለአባቶች ያቀርባል፣ እግር ያጥባል፤ ይህም ትልቅ ትሩፋት ተብሎ ይቆጠርለታል። በየጦር ሠፈሩ ለሺህ ሰው ወጥ የሚሠራው ወንድ ነው። በትልልቅ ሆቴሎች ነጭ ቆብ አድርጎ ምድጃ ፊት የሚቆመው ብዙ ጊዜ ወንድ ነው፤ እናቱ በኩራት ነው የምታወራለት። ባህሉ የወንድን እጅ ከምድጃ አልከለከለም። ለእግዚአብሔር፣ ለአገር፣ ለደመወዝ ሲሆን ወንድ ያበስላል። የሚያፍረው ለሚስቱና ለልጆቹ ሲሆን ነው። ይህን ባህል ብለን ከምንከላከለው ይልቅ የት እንደተማርነው ብንጠይቅ ይሻላል።

ባህል ነው ለሚለኝ ሰው የአክስቴን ልጅም አነሳበታለሁ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው። እሱ ቀን ይሠራል፤ ባለቤቱ ሌሊት የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። ልጆቻቸውን የሚረካከቡት በር ላይ ነው፤ እሷ ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ እሱ የመኪናውን ቁልፍ አስቀምጦ ይገባል። ዳይፐር ይቀይራል፣ ያበላል፣ የልጁን ፀጉር ይሠራል፣ ልብስ ያጥባል። ቤቱን በቪዲዮ ሲያሳየኝ ከኋላው የታጠፈ ልብስ ተከምሮ አያለሁ። እሱ ልዩ ሰው አይደለም፤ እዚያ ያሉ አብዛኞቹ ጓደኞቹ እንዲሁ ናቸው። በልደት ሰሞን አዲስ አበባ መጥቶ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። የጠጣበትን ብርጭቆ አላነሳም። ያው ሰው ነው፣ ያው እጅ ነው፣ የሚጾመውም ያው ጾም ነው። እዚያ ሠራተኛ የለችም፤ እዚህ አለች። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ይህ ብቻ ነው። ስለዚህ «ወንዶቻችን አይችሉም» የሚለውን አልቀበልም። ሌላ የሚሠራላቸው ሲኖር አይሠሩም እንጂ ይችላሉ።

ስለ እረፍት እናውራ። ቅዳሜና እሁድ በከተማው የወንድ እረፍት በግልጽ ይታያል። ኳስ የሚያሳዩት ቤቶች ሞልተው ወንበር ጠፍቶ ቆመው ያያሉ፤ ማኅበር አለ፣ ዕድር አለ፣ ከጓደኛ ጋር ቁርጥ አለ። የሴት እረፍት የቱ ነው ሲባል የሚጠቀሰው ቡና ነው። ቡና ግን ሥራ ነው። ትታጠባለች፣ ትቆላለች፣ ትወቀጣለች፣ ትፈላለች፣ ሦስት ጊዜ ትቀዳለች፣ ስኒው ይለቀለቃል፤ ቄጠማውን የጎዘጎዘች ሴት ራሷ መልሳ ትጠርገዋለች። ከወሬው በቀር በውስጡ እረፍት የለም።

ዓመት በዓል ደግሞ የሁሉ ዕረፍት ይባላል። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ የቤቱ አባወራ ዶሮውን ይባርካል፤ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ስሙም እሱ አረደው ይባላል። ከዚያ በፈላ ውሃ ይነጫል፣ በአሥራ ሁለት ብልት ይገነጠላል፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል፤ ሽንኩርቱ ኪሎ በኪሎ ይከተፋል፤ ቁሌቱ ከጠዋት እስከ ማታ ሳያርር ይታሻል። ዳቦው፣ ጠላው፣ እንግዳው አለ። በዓሉ በገባ ማግስት ቢሮ ስንገናኝ ወንዶቹ «እንዴት ዋልሽ፣ በዓል ጥሩ ነበር?» ሲሉኝ ወገቤን ይዤ ነው የምመልሰው። እኔ እንኳ ወንበር ላይ ተቀምጬ የምውልበት ቢሮ አለኝ። ልጅቷ በበዓሉ ማግስት የሚጠብቃት የበዓሉ ዕቃ ነው፤ ቤተሰቧ ደግሞ በዓሉን ያለ እሷ አሳልፏል።

ይህ የኔ ቤት ታሪክ ብቻ ነው የሚል ካለ፣ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 በአገር አቀፍ ደረጃ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት አድርጓል፤ ሰዎች ሃያ አራት ሰዓታቸውን በምን እንደሚያሳልፉ ቤት ለቤት ተጠይቀዋል። ደመወዝ በማይከፈልበት የቤትና የእንክብካቤ ሥራ ሴቶች ከወንዶች በብዙ የሚበልጥ ሰዓት እንደሚያሳልፉ ታይቷል። ጥናቱን ያደረገው የራሳችን መንግሥት ነው። ሰዓቱ ተቆጥሯል፤ የቀረው መከፋፈሉ ነው።

ከምሰማቸው ተቃውሞዎች አንዱን ከልቤ እቀበላለሁ፤ ኑሮ ተወዷል። ቀን ቢሮ ውሎ ማታ በመኪናው ተሳፋሪ የሚያመላልስ፣ ቅዳሜ ሌላ ሥራ ይዞ ሰኞ ሳያርፍ የሚመለስ ወንድ በኛ ሕንፃ ብቻ ብዙ አለ። እንዲህ ያለውን ሰው እቤት ገብተህ እንጀራ ጋግር ማለት ይከብዳል። ነገር ግን የዚያ ሰው ሁለተኛ ሥራ በምን ላይ እንደቆመ እንይ። ማታ መውጣት የቻለው ልጆቹን የሚያስተኛ ሰው ስላለ ነው። ሸሚዙን የሚተኩስ፣ ምግቡን ከድኖ የሚያቆይ ሰው ስላለ ነው። ያመጣው ብር የሁለትና የሦስት ሰው ሰዓት ነው፤ በአንድ ሰው ስም ይገባል። እሱን ከሁለት ሥራ የሚያሳርፈው ደሞዙ ለአንድ ሥራ ሲበቃ ነው እንጂ የልጅቷ እንቅልፍ ሲቀነስ አይደለም።

የከተማችን ሰዓትም የተቀመረው ቤት ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሰው አለ ተብሎ ነው። የልጆቼ ትምህርት ቤት 9 ሰዓት ተኩል ይለቃል፤ ቢሮ 11 ሰዓት ተኩል ይዘጋል፤ መንገዱ ተጨምሮ ምሽት 1 ሰዓት ይሆናል። በየቀኑ ሦስት ሰዓት ተኩል ልጆቹን ማን ይይዛቸዋል? ሐምሌና ነሐሴ ሁለት ወር ሙሉ ትምህርት ቤት ይዘጋል። አዲስ ተቀጣሪ በአዋጁ የሚያገኘው የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ባልና ሚስት ፈቃዳቸውን እየተፈራረቁ ቢወስዱ እንኳ ክረምቱን አይሞላም። ትምህርት ቤቱም፣ መሥሪያ ቤቱም፣ አዋጁም ይህን ክፍተት ያውቁታል፤ አንዳቸውም አይነኩትም። ልጅቷ እንደምትሞላው ሁሉም ይተማመናል።

አዋጅ ቁጥር 1156 ለወለደች ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ይሰጣታል። ለአባት 3 ቀን ይሰጠዋል። የእናቲቱ ፈቃድ በዛ አልልም፤ አንድ ቀን እንዳይነካ። የአባትየው 3 ቀን ግን ምን እያለ እንደሆነ አስተውሉ። ልጅ ሲወለድ ያንተ ሥራ ሆስፒታል ማድረስ፣ ገንፎው ላይ መገኘትና ወደ ቢሮ መመለስ ነው እያለው ነው። ለቀጣሪውም ሴት ብትቀጥር 120 ቀን፣ ወንድ ብትቀጥር 3 ቀን ይጎድልብሃል ይለዋል፤ ከዚያ በኋላ ለቃለ መጠይቅ የቀረበች ልጅ «አግብተሻል? ልጅ አለሽ?» ተብላ ብትጠየቅ አይገርምም። በ2010 የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ለአባት 10 የሥራ ቀን ፈቀደ፤ መሥሪያ ቤቶችም የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዘዘ። ስለዚህ ማድረግ ይቻላል። የግል ድርጅት ተቀጣሪ የሆነ አባት ልጁን ለማወቅ ከመንግሥት ሠራተኛው ባነሰ ቀን ይበቃዋል ያለው ማን ነው? ማቆያውስ ከእናቲቱ መሥሪያ ቤት ብቻ ለምን ይፈለጋል? አባት ጠዋት ልጁን ይዞ ወደራሱ ቢሮ ቢሄድ ምን ይጎድላል?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለቤት ሠራተኞች ሁለት ጊዜ ቃል የተገባው ደንብ፣ የሥራ ሰዓትና የሳምንት እረፍት ተጽፎበት ይውጣ። የአባት ፈቃድ በሳምንት ይቆጠር። ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ሰዓታቸውን አንዳቸው የሌላውን እያዩ ያውጡ። እስከዚያው ግን ሕግ የማይደርስበት ቦታ አለ፤ የእያንዳንዳችን ሳሎን ነው። እዚያ ደንብ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም።

ልጅቷ ከእኛ ቤት የወጣችው በታኅሣሥ ነው። አልሰረቀችም፣ አልተጣላችም፤ «እትዬ፣ ማታ ትምህርት መማር እፈልጋለሁ» አለችኝ፤ ማታ ትምህርት 11 ሰዓት ተኩል ይጀምራል፤ በዚያ ሰዓት እኛ ገና ከቢሮ መውጣታችን ነው። አልችልም አልኳት። ከሳምንት በኋላ ልብሷን ጠቅልላ ሄደች። እኔም እንደ ሁሉ ሴት ለደላላ ደወልኩ፤ ሁለት መጡ፣ ሁለቱም ሄዱ። በሦስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ማታ እኔና ባለቤቴ ደብተር ይዘን ተቀመጥን። በሳምንት የምንሠራውን ሥራ ሁሉ፣ የሌሊት ውሃውን ጨምሮ፣ ጻፍን። ከጎኑ ሰዓቱን ጻፍን። ባለቤቴ ዝርዝሩ ሁለተኛ ገጽ ላይ ሲገባ ዝም አለ፤ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደና ከውሃው አጠገብ ስሙን ጻፈ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር ተስተካክሏል አልልም። አማቴ ልጃቸውን ወጥ ሲያማስል አይተው እንባ ተናንቋቸው ነበር፤ እኔን ለሁለት ሳምንት በስልክ አላነጋገሩኝም። እንጀራ ከሱቅ እንገዛለን። ቤቱ እንደድሮው አይወለወልም፤ እንግዳ ሲመጣ የታጠበ ልብስ ወንበር ላይ ተከምሮ ያገኘዋል። የሻምፒዮንስ ሊግ ማታ ባለቤቴ ድምፁን ቀንሶ ያያል፤ ሲጨርስ የልጆቹን ምሳ ዕቃ ያሰናዳል። በክረምቱ ልጆቹን አንድ ሳምንት እሱ፣ አንድ ሳምንት እኔ፣ የቀረውን ከጎረቤቶቻችን ጋር እየተቀያየርን ነው የያዝናቸው፤ በጣም ደክሞናል።

ተመላላሽ አለችን። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ትመጣለች፣ 10 ሰዓት ላይ ትወጣለች፤ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ክፍል ውስጥ መሆን አለባት፣ ሰባተኛ ክፍል ናት። 10 ሰዓት ሲሆን ያልተጠናቀቀ ሥራ ካለ እንዳለ ጥላው ትሄዳለች፤ የተስማማነው እንዲህ ነው። ሽንኩርቱ ሳይላጥ የሚቀርበት ቀን ብዙ ነው። የዚያን ቀን የሚልጠው ቀድሞ የገባው ነው።